ስድስት ነጥብ

ሾፌሮቹ «ጋሽ ግራም» ይሉኛል። ከኋላዬ የሚሉኝንም አውቀዋለሁ፤ እሱ ይቅር። ሥራዬ የመኪና ሚዛን ላይ ነው። መኪናው ጠጠር ሊጭን ወደ ማምረቻው ሲገባ ባዶውን እመዝነዋለሁ፤ ጭኖ ሲወጣ ደግሞ ሙሉውን። ከሙሉው ላይ ባዶው ሲቀነስ የተጣራው ጭነት ይወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ መቀነስ።

ሰው ግን ተንኮሉ አያልቅም። ባዶውን ሊመዘን ሲመጣ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ድንጋይ ይከታል፤ ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሰው ያጭቃል። ባዶው ከበድ ብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ድንጋዩን አራግፎ፣ ሰዎቹን አውርዶ በነሱ ፈንታ ጠጠር ይጭናል። ስለዚህ የኔ ሚዛን ላይ ከሾፌሩ በቀር ማንም አይቀመጥም። ጥሩምባ የምንለው ሾፌር፣ ጡሩንባውን ሳይነፋ መታጠፍ የማይችለው፣ አንድ ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ መጣ። ከመኪናው አወረድኳት። ወንበሬን ሰጥቻት ተቀመጠች እንጂ ሚዛኔ ላይ አልቆየችም። ጥሩምባ ከዚያ ወዲህ አኩርፎኝ ነበር፤ ያኩርፍ።

የሚዛን ቤቷ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና የክብደቱ ቁጥር የሚበራበት ሰሌዳ አላት። ሚዛኑ ላይ መኪና ከሌለ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ይበራል። እኔና ዜሮው ተፋጠን እንውላለን። ቤት ስገባም ያው ነው። ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት፤ አንዲት ልጃችን ኮሌጅ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ። የልጄን ክፍል በር እዘጋዋለሁ፤ ተዘግቶ ሳየው ይከፋኝና እከፍተዋለሁ። ተከፍቶ ሳየው ደግሞ የባሰ ይከፋኛል።

ልጄ የምትማረው የኛ ጠጠር የሚራገፍበት ከተማ ነው፤ በመኪና የአራት ሰዓት መንገድ። የምደውልላት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር፣ እኩለ ቀን ላይ ሥራ ስንዘጋ። በሌላው ቀን መደወል አያምረኝም ነበር ብል እግዜር ይታዘበኛል። ግን ተማሪን በየቀኑ በስልክ መጨቅጨቅ ትምህርቱን መቀማት መሰለኝ። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» እላታለሁ። ትነግረኛለች። አይገባኝም፤ ሆኖም «ጎሽ» እላለሁ። ከዚያ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። «በል አባዬ፣ ደህና ዋል»፤ «ደህና ዋይ፣ የኔ እናት»፤ አለቀ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ከዜሮው ጋር።

የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቷ ሲመጣ ፎቶ አንስታ በስልኬ ላከችልኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በወረቀት አሳተምኩት። አምስት ትምህርት፦ ሁለት ኤ፣ ሁለት ቢ፣ አንድ ሲ። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ኤ አራት ነው፣ ቢ ሦስት፣ ሲ ሁለት፣ ዲ አንድ፣ ኤፍ ዜሮ ይላል። ታዲያ ሁለቱ ኤ ስምንት፣ ሁለቱ ቢ ስድስት፣ ሲዋ ሁለት፤ ድምሩ አሥራ ስድስት። ለአምስት ሲካፈል ሦስት ነጥብ ሁለት። ወረቀቱ ላይ ግን አማካይ ውጤት ሦስት ነጥብ ዜሮ ተብሎ ተጽፏል።

ደሜ ፈላ። ከልጄ ላይ ሸርፈው ወስደዋል! የማንን ልጅ? የኔን፣ ለሾፌር ሃያ ኪሎ አሳልፌ የማላውቀውን ሰውዬ! የዚያኑ ዕለት ለኮሌጁ ሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። እንደ ዕድል ሆኖ ከመላኬ በፊት ለጋሽ ጠመኔ አሳየኋቸው። ጋሽ ጠመኔ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ። ደብዳቤዬን አነበቡና እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንተ፣ ሥራህ ሚዛን ላይ አይደለም እንዴ?»

«ነው መምህር።»

«አንድ ጋሪ ጠጠርና አንድ ተሳቢ ሙሉ ጠጠር ቢያልፍብህ፣ አንድና አንድ፣ ሁለት ብለህ ትመዘግባለህ?»

«ምን ሆኜ!»

«ታዲያ እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው? ይቺን አምድ አላየሃትም?»

ጣታቸው ያረፈበት አምድ «ክሬዲት ሰዓት» ይላል። እኔ የመማሪያ ክፍል ቁጥር መስሎኝ አልፌው ነበር። ለካ የትምህርቱ ክብደት ኖሯል። ሒሳብ አራት ክሬዲት ነው፤ ስፖርት አንድ። የፊደሉ ዋጋ በክሬዲቱ ይባዛል፤ የሚወጣው ነጥብ ይባላል። ሒሳብ ላይ ያመጣችው ሲ ሁለት ጊዜ አራት፣ ስምንት ነጥብ። ስፖርት ላይ ያመጣችው ኤ አራት ጊዜ አንድ፣ አራት ነጥብ ብቻ። «ኤ ስለሆነች አትኩራባት፤ ጋሪ ናት» አሉኝ። የአምስቱም ነጥብ ተደምሮ አርባ አምስት፤ የክሬዲቱ ድምር አሥራ አምስት። አርባ አምስት ለአሥራ አምስት ሲካፈል ሦስት፣ ልቅም ያለ ሦስት። ኮሌጁ የልጄን ነገር አልነካም። ደብዳቤዬን ቀድጄ ጣልኩት፤ ለሷም ትንፍሽ አላልኩ። ሚዛን ላይ ያረጀ ሰው ክብደት መርሳቱ ያሳፍራላ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሱስ ሆነብኝ። መኪና በማይመጣበት ከሰዓት በኋላ ደብተሬን አውጥቼ «በዚህኛው ቢ ብታመጣ፣ በዚያኛው ኤ ብታመጣ» እያልኩ ሳባዛና ሳካፍል እውላለሁ። እንዲያ ስሆን ልጄ ከጎኔ የተቀመጠች ይመስለኛል። ሁለተኛው መንፈቅ አሥራ ስድስት ክሬዲት፣ አርባ አራት ነጥብ ሆነ። ከመጀመሪያው ጋር ሲደመር ሠላሳ አንድ ክሬዲት፣ ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ። የእስከዛሬው አማካይ የሚገኘው ሰማንያ ዘጠኙ ለሠላሳ አንዱ ሲካፈል ነው፤ ሁለት ነጥብ ስምንት ሰባት። ወረቀቱም ያንኑ አለ። እሷ ግን አባቷ የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ አይቶ «ጎሽ» የሚል ይመስላታል። ይምሰላት ብዬ ተውኩት።

የሦስተኛው መንፈቅ ውጤት ዘገየ። ቅዳሜ ስጠይቃት «ገና ነው አባዬ» አለች፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ «ገና ነው»። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸችና «ይኸው» የምትል አንዲት ቃል ከፎቶው ጋር ደረሰችኝ። አሳትሜ ወደ ሥራ ሄድኩ። አሥራ ስምንት ክሬዲት፤ ፊደሎቹን ሳባዛቸው ሃምሳ አራት ነጥብ፣ አማካይ ሦስት። የእስከዛሬው አማካይ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሁለት። ደረቴ ተነፋ። በዚያ ደስታዬ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው ጥሩምባ ነበር፤ ባዶውን ሊመዘን ገብቷል። ኩርፊያችንን ረስቼ «ልጄ ሦስት አመጣች» አልኩት።

«እንኳን ደስ ያለህ ጋሽ ግራም! በል ዛሬ እንኳ ሃያ ኪሎ ለቀቅ አድርገኝ።»

«ሂድ ወዲያ! መሣሪያ ሳጥንህን ክፈተው።»

እሱ ሊጭን ገባ፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰማንያ ዘጠኝና ሃምሳ አራት፣ መቶ አርባ ሦስት። ሠላሳ አንድና አሥራ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ። ሲካፈል ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሁለት። ልክ ነው። ደብተሬን ልዘጋ ስል ዓይኔ የወረቀቱ መጨረሻ መስመር ላይ አረፈ። «እስከ ዛሬ» የሚለው መስመር ሦስት ቁጥር አለው፦ ክሬዲት አርባ ዘጠኝ፣ ነጥብ ዘጠና አምስት፣ አማካይ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሁለት።

ዘጠና አምስት? መቶ አርባ ሦስት መሆን የነበረበት?

የጽሕፈት ስህተት ነው ብዬ ነበር። እጄ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የለመደውን ሠራ። ሙሉው ዘጠና አምስት፣ ባዶው ሰማንያ ዘጠኝ። የተጣራው ስድስት።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። የቢዎቹና የኤዋ ቀለም ከሌላው ጽሑፍ ትንሽ ይጠቁራል። ያልጠቆረችው አንዲት ሲ ብቻ ናት፤ የጽሑፍ ክህሎት የሚባል የሦስት ክሬዲት ትምህርት። ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ስድስት። ያቺ ብቻ እውነት ናት። የቀረው አሥራ አምስት ክሬዲት መሣሪያ ሳጥን ውስጥ የተከተተ ድንጋይ ነው። ልጄ ፊደሎቹን ለውጣለች፣ አማካዩን ለውጣለች፤ ማንም የማያያትን አንዲት ቁጥር ግን ረስታታለች። ዘጠና አምስት ለአርባ ዘጠኝ አካፈልኩት። አንድ ነጥብ ዘጠኝ አራት። ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ደንብ ደግሞ አማካዩ ከሁለት በታች የወረደ ተማሪ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ይታገዳል ይላል። ሁለት ለመሙላት ዘጠና ስምንት ነጥብ ያስፈልግ ነበር። ሦስት ነጥብ ጎድሏታል፤ የአንዲት ቀላል ትምህርት ዲ።

መጀመሪያ ንዴት መጣ። እኔን! ድንጋይ አሽትቼ የማውቀውን ሰውዬ! እንደ ሾፌሮቹ ልታሞኘኝ! ስልኬን አንስቼ ልጮህባት ነበር። ቁጥሯን ልነካ ስል ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁት። ዜሮ በርቷል። የኔ ሰሌዳ ላይ ዜሮ የሚበራው ቀላል መኪና ሲመጣ አይደለም፤ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሰነፍ ተማሪ ዲ ያመጣል። አራት ትምህርት ሙሉ ዜሮ ያመጣ ሰው የሰነፈ አይደለም፤ ያልነበረ ነው።

ታዲያ ልጄ የት ነበረች? ንዴቴ እንዳመጣጡ ሄደ፤ በምትኩ ፍርሃት ገባኝ። ደወልኩላት።

«አባዬ? ምን ሆነሃል? ዛሬ እኮ ቅዳሜ አይደለም!»

ማክሰኞ መደወሌ ብቻ መርዶ መስሏት ነበር። ይኸው ነው የኔ አባትነት አልኩ በልቤ።

«ደህና ነኝ። ወረቀትሽ ደረሰኝ።»

«አየኸው?»

«አየሁት። አንድ ነገር አልገባኝም፤ እስኪ አስረጂኝ። ይሄ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሁለት የሚባለው እንዴት ነው የሚመጣው?»

ተንፈስ አለች፤ ሰማኋት። «እሱማ ቀላል ነው። የሦስቱን መንፈቅ አማካይ ትደምርና ለሦስት ታካፍላለህ።»

«የሦስቱ ክሬዲት እኩል ካልሆነስ?»

ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ።

«አንዱ አሥራ አምስት፣ አንዱ አሥራ ስድስት፣ አንዱ አሥራ ስምንት ነው» አልኳት። «ጋሪና ተሳቢ አንድና አንድ ተብሎ አይደመርም። በአጋጣሚ ነው የገጠመልሽ። በነጥብ ሥሪልኝ። የእስከዛሬው ነጥብ ስንት ይላል? ከታች አለልሽ፤ አንብቢልኝ።»

«ዘጠና…» አለችና ቆመች።

ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ለቅሶዋን ነው። ድምፅ የሌለው፣ ትንፋሽ ብቻ የሆነ ለቅሶ፤ እናቷን የቀበርን ቀን ያለቀሰችውን ዓይነት። ሰውን ማውረድ እንጂ ማባበል የት ለመድኩ።

«መቼ ተማርከው?» አለችኝ።

«ከመጀመሪያው ወረቀትሽ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

«በል እሺ፣ ስድቡን ጀምር።»

«ስድቤን ጠዋት ለጥሩምባ ጨረስኩት። የት ነበርሽ ልጄ?»

«እዚሁ።» አፍንጫዋን ሳበች። «የማድርበት ክፍል ውስጥ። አብረውኝ የነበሩት ልጆች ሌላ ሕንፃ ተመደቡ። መማሪያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁለት መቶ ሰው ነው የምንቀመጠው። አንድ ቀን አሞኝ ቀረሁ። በማግስቱ ስሄድ የት ነበርሽ ያለኝ የለም። አንድ ሰው እንኳ፣ አባዬ። ሌላ ቀንም ቀረሁ፤ አሁንም ማንም ምንም አላለኝም። ከዚያ መሄዱም መቅረቱም አንድ ሆነብኝ።»

«ፈተናውስ?»

«ለብሼ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። አሁን እነሳለሁ፣ አሁን እነሳለሁ እላለሁ። ሰዓቱ ያልፋል።»

እኔም አውቀዋለሁ አላልኳትም። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ስንት ጠዋት ጫማዬን አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ አልነገርኳትም። መንገር ነበረብኝ። ይልቅ ቁጥር ቀለለኝና ወደ ቁጥሩ ተመለስኩ።

«ታዲያ ይቺ የጽሑፍ ክህሎትስ? ይቺን ስድስት ነጥብ እንዴት አመጣሻት?»

ሌላውን ሁሉ ስትነግረኝ ያላፈረችውን ያህል አሁን ያፈረች መሰለኝ።

«እሷ ቅዳሜ ጠዋት ነበረች» አለች። «ቅዳሜ ደግሞ አንተ ትደውላለህ። ዛሬ ምን ተማርሽ ትለኛለህ። ሌላውን ዋሽቼሃለሁ አባዬ። ለዚያች ለአንዷ ጥያቄ ግን እውነተኛ መልስ እንዲኖረኝ ብዬ እሄድ ነበር።»

አለቀስኩ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላርቅ፣ በዚያች አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ግማሽ ዓመት ሙሉ «የት ዋልሽ» የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱም በሳምንት አንድ ቀን፣ ትምህርቷን እንዳይቀማ ብሎ። ሒሳቡ ደግሞ አይለቀኝም። አራቱ ትምህርቶች፣ ስትመዘገብ እንደነገረችኝ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ነበሩ። ሰኞ ብደውል ኖሮ፣ ሰኞ ብቻ እንኳ፣ የሰኞው ትምህርት አራት ክሬዲት ስለሆነ በዲም ቢሆን አራት ነጥብ ነበር። የጎደላት ሦስት ነው።

ውጭ ጡሩንባ ጮኸ። ጥሩምባ ጭኖ ሚዛኑ ላይ ወጥቷል። ሰሌዳው በርቷል፤ እኔ ግን አልተነሳሁም። እንደገና ጮኸ። ይጩህ።

«ነገ ልምጣ?» አልኳት። ይህን ስል ራሴን ታዘብኩት። በየቀኑ ወደሷ ከተማ የሚሄድ መኪና በዚህ ሚዛን ላይ ያልፋል። ስንቱን መዝኜ ሸኝቼ አንድ ቀን ተሳፍሬበት አላውቅም።

«አይ አባዬ፣ እኔ ልምጣ። ክፍሌን እንድታየው አልፈልግም። አንድ ዓመቱ ካለፈ በኋላ አመልክቼ መመለስ እችላለሁ፤ ጠይቄያለሁ።»

«እሱን ስትመጪ እናሰላዋለን» አልኩና ፊቴን በእጅጌዬ ጠርጌ ወጣሁ።

ጥሩምባ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ለጠብ ተዘጋጅቷል። ዓይኔን ሲያይ ግን እጁን ከጡሩንባው ላይ አነሳ።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አልኩት። በሃያ ሁለት ዓመት ለሾፌር እንዲህ ብዬ አላውቅም። «ስትመለስ ሰው ታመጣልኛለህ?»

«ማንን?»

«ልጄን።»

ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ሦስት አመጣች አላልከኝም ወይ ብሎም አልተረበኝም። «ስልኳን ስጠኝ፤ ነገ ጠዋት ይዣት እነሳለሁ» ብሎ ሄደ። የሚስቱን ነገር አስታወስኩና አፈርኩ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል የጥሩምባ መኪና ሚዛኑ ላይ ወጣች። ለወትሮው ከመታጠፊያው ጀምሮ የሚጮኸው ሰው ያን ቀን አልጮኸም። ልጄ ጋቢናው ውስጥ ናት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋለች። ከስታለች፤ ፀጉሯም በአንድ በኩል ተጣጥፎ የቀረ ነው። ደንቡን ታውቀዋለች፤ እዚሁ ሚዛን አጠገብ ነው ያደገችው። መኪናው እንደቆመ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች።

«ልውረድ አባዬ?»

የጥሩምባን መኪና ባዶ ክብደት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ። ሰሌዳው ላይ የበራው አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ነው። አርባ ኪሎ። ልጄ አርባ ኪሎ ሆና ሰሌዳዬ ላይ በርታለች።

«ቁጭ በይ» አልኳት።

አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ብዬ መዘገብኩ። አርባ ኪሎዋ ጠጠር በኔ ላይ ትሁን።

«ጋሽ ግራም» አለኝ ጥሩምባ፣ ከፊሉ ስጋት ከፊሉ ሳቅ በሆነ ድምፅ፤ «ጋቢናው ውስጥ ሰው አለ እኮ!»

«አዎ፣ አለች» አልኩና የሚዛን ወረቀቱን አትሜ ሰጠሁት።